የፋሮስ መብራትና የተምጫ ውሃ

በደምበጫ ገጠር፣ ክረምት ተምጫ ሞልቶ ሲመሽ፣ ከማዶ ያለ ሰው ችቦ ለኩሶ መልካውን ያሳያል፤ ተሻጋሪው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ አይጠይቅም። ከእግሩ ሥር የሚያልፈው ቀይ ጎርፍ የጎጃምን ማሳ አጥቦ ወደ ዓባይ ይወርዳል። የግብፅን ሜዳ በብዙ ሺህ ዓመታት ያነጠፈው በአመዛኙ ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ እንዲህ ያለው ደለል ነው።

ያ ሜዳ ለገበሬ ሲሳይ፣ ለመርከበኛ ግን ጭንቅ ነበረ። ጠረፉ ዝቅተኛ፣ ከሩቅ የሚለይ ተራራ የሌለበት ነውና። ስለዚህም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 ገደማ፣ በዳግማዊ በጥሊሞስ ዘመን፣ በእስክንድርያ ፊት ለፊት በፋሮስ ደሴት ላይ ከ100 ሜትር በላይ እንደ ነበረ የሚገመት የድንጋይ ማማ ተሠራ። በጫፉ የሚነደው እሳት ወዳጅና ባዕድ ሳይለይ መርከበኛውን ሁሉ ወደ ወደቡ ይመራ ነበረ።

ማማው ከ1500 ዓመታት በላይ ከቆመ በኋላ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1303 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎዳ። ተጓዡ ኢብን ባቱታ በ1349 ሲመለስ ከፍርስራሹ የተነሣ ሊገባበት እንኳ አልቻለም። በ1477 ደግሞ ሡልጣን ቃይትባይ በዚያው ስፍራ ምሽግ ሲያሠራ የወደቀው ድንጋይ ለግንቡ ዋለ። እንግዳን ይጠራ የነበረው ድንጋይ እንግዳን መከላከያ ሆነ።

የጎጃምም አፈር ዛሬ በየግድቡ እየተያዘ ወደዚያ ጠረፍ አይደርስም ማለት ይቻላል። የደሴቲቱ ስም ግን በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ የባሕር መብራት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። በተምጫ ዳር ችቦ የሚያበራው ሰው ስሙ አይጻፍለትም፤ ተሻጋሪው ደረቅ መሬት ሲረግጥ ችቦውን አጥፍቶ ወደ ቤቱ ይገባል።