ከእጁ የነጠቅሁት ሞረድ

ባለፈው ክረምት ልጄን ለመጠየቅ እንግሊዝ አገር ሄጄ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከአሥራ አንድ ዓመቱ የልጅ ልጄ ጋር ከለንደን ዋተርሉ ጣቢያ ወደ ዌይብሪጅ በሚሄደው ባቡር ተሳፈርን። መንገዱ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ለእኔ ግን ረዘመብኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን አንነጋገርም ነበር። ተኳርፈናል።

የኩርፊያችን መነሻ አንድ እንጨት ነው። ልጁ ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሮጡ ትንንሽ የእሽቅድምድም መኪኖች አሉት። የሚሮጡበት መንገድ መሃሉ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለው፤ ከመኪናው ሆድ ሥር ያለች ምላስ እዚያ ውስጥ ገብታ ትመራዋለች። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ያሉ የብረት መስመሮች ለሞተሩ ኤሌክትሪክ ያቀብላሉ። እጅ ላይ ያለውን መቆጣጠሪያ ሲጫኑት መኪናው ይፈጥናል፣ ሲለቁት ይቀዘቅዛል። ፍሬድ ፍራንሲስ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1957 ስካሌክስትሪክ ብሎ ያወጣው ጨዋታ ነው።

የልጅ ልጄ ግን ከሱቅ የተገዛው አልበቃውም። ናፒየር ሬይልተን የምትባለውን የድሮ የእሽቅድምድም መኪና ራሱ ከባዶ ተነስቶ መሥራት ፈለገ። አባቱ የጀመረለት እንጨት በሥራ ብዛት መደርደሪያ ላይ ቀርቷል። «እኔ አግዝሃለሁ» አልኩት። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቁስል የሰፋሁ ነርስ ነኝና በእጄ እተማመናለሁ። ሲሞርድ አንዱን ጎን አጎደለው። «አምጣው፣ አታበላሸው!» ብዬ ሞረዱን ከእጁ ነጠቅሁት።

ምንም አልመለሰልኝም። ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሦስት ቀን ሙሉ ጠረጴዛው አጠገብ ዝር አላለም። እሱ አማርኛ ይሰማል እንጂ ብዙ አይናገርም፤ የእኔም እንግሊዝኛ ከሆስፒታል አያልፍም። እንዴት እንደምታረቀው ጨነቀኝ። በመጨረሻ ልጄ «እማዬ፣ መኪናዋ ያለችበት ሙዚየም አብራችሁ ሂዱ» አለችኝ።

ብሩክላንድስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1907 የተከፈተ፣ ለመኪና እሽቅድምድም ተብለው በዓለም መጀመሪያ ከተሠሩት ቦታዎች አንዱ ነው። ዙሪያው 4.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ኩርባው ላይ መንገዱ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ጠርዝ ሽቅብ ይወጣል፤ ከፍታው ወደ 9 ሜትር ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ1939 ጦርነቱ ሲመጣ ውድድሩ ቆመ፣ እንደገናም አልተጀመረም። ዛሬ ሲሚንቶው ተሰነጣጥቋል።

መኪናዋን ሳያት ደነገጥኩ። እ.ኤ.አ. በ1933 ስትሠራ የተገጠመላት የአውሮፕላን ሞተር ነው፤ 12 ሲሊንደር፣ 24 ሊትር ገደማ። ቀለም ያልነካው አካሏ እንደ ብር ያበራል። ጆን ኮብ እ.ኤ.አ. በ1935 በሰዓት 230 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዳ አንድ ዙር ዞሮባታል። ያንን ክብረ ወሰን እዚያ ቦታ ላይ የሰበረው የለም።

«አያቴ፣ ፍሬን ከኋላ ብቻ!» አለኝ ልጁ፣ በአማርኛ። በሦስት ቀን ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያው ቃል ነው። ከዚያም በሁለቱም ቋንቋ እየቀላቀለ፣ መንገዱ ጎርባጣ ስለነበር መኪናዋ ከመሬት ትነሳ እንደነበር በእጁ አሳየኝ።

እጁን ሳይ የተማሪነቴ ጊዜ ትዝ አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁስል ስሰፋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኃላፊዋ ሲስተር መርፌውን አልቀማችኝም። ሁለት እጇን ወደኋላ አጣምራ አጠገቤ ቆመች። እኔ ለገዛ የልጅ ልጄ ያንን ነፈግሁት። «ሞረዱን መንጠቄ ጥፋት ነው፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። «እሺ» አለ። መኪናዋን ከየአቅጣጫው ፎቶ አንስተን ተመለስን።

ሥራችን እንዲህ ነበር። የእውነተኛዋ መኪና 32 ሳንቲ ሜትር በእኛዋ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሞተሩን፣ ጥርሱንና ጎማዎቹን ገዛን፤ የቀረውን ሠራነው። ከናስ ዘንግ አጥፈን መቀመጫ አበጀን። እንጨቱን ለሞተሩ ፈልፍለን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው። ብር እንዲመስል የወጥ ቤት ፎይል ለጠፍንበት። ስለቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ማስቲሽ ስንቀባ መስኮት እንከፍታለን። እሱ ሲሞርድ ሁለት እጄን ወደኋላ አደርጋለሁ። ቀላል አይደለም!

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ተገለበጠች። ክብደቷ ከላይ በዝቶ ነው። ከሥሯ ትንሽ እርሳስ ለጠፍን። እርሳስ መርዝ ስለሆነ ከነካነው በኋላ ሁለታችንም እጃችንን በሳሙና ታጠብን። ከዚያ ለቀቃት። ኩርባውን ያዘች፣ ዞረች፣ ደገመች። የጎደለው ጎኗ በፎይሉ ሥር በደንብ ይታያል። እንሙላው ወይ ስለው «አይ፣ ይሄ የእኔ ነው» አለ።

አያቶች ስንባል ከፍቅራችን ብዛት የልጆቹን ሥራ እንቀማለን። የምመክረው የተማርኩትን ነው፤ እጃችሁን ወደኋላ አድርጋችሁ አጠገባቸው ቁሙ።

አሁን አዲስ አበባ ተመልሻለሁ። ባለፈው እሁድ በስልክ ሁለተኛ እንጨት አሳየኝ። በሌላ እጁ መሣሪያ ይዟል።

«አያቴ፣ ይሄ ሞረድ ነው መጋዝ?»

«ሞረድ ነው የኔ ልጅ» አልኩት።