ሽክፍ

ነገ ማለዳ ለክረምት ሥልጠና ልንሄድ ነውና ዛሬ ጉዱማሌ ሻንጣችንን ዘረገፍን። ሲዳማ ፍቼ ጨምበላላን በሚያከብርበት ሜዳ፦ ካልሲ፣ ሳሙና፣ ምላጭ፣ አራት አራት ሸሚዝ። «ሠርግ ነው እንዴ?» ተባባልን። በ1967 ዓ.ም. ለእድገት በኅብረት የዘመቱት 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራንስ እንዲህ ዘርግፈው ይሆን?

አንዱ ጓዳችን ግን ሻንጣውን አልፈታም። «እኔ እቀራለሁ» አለ፣ ወደ ሐይቁ ዞሮ።

«ምን ሆነህ ነው አንተ?»

ዝም። ለካ ከእግሩ ሸበጥ ሌላ ጫማ የለውም፤ ሻንጣው ውስጥም ያለው የናቱ በሶ ብቻ ነው።

ማን ቀድሞ እንደተነሳ አናውቅም። ጫማ ተገኘ፤ ሰፋው፤ ጫፉን በጨርቅ ጠቀጠቅነው። ሸሚዝና ብርድ ልብስም ተዋጣለት። እሱም በሶውን በየላስቲኩ አከፋፈለን፤ እምቢ ማለት አልቻልንም።

ነገ 12 ሰዓት እንነሳለን።