ቤድፎርድና የካርቱም ሾፌሮች

ካርቱም ላይ የድሮ ሾፌሮች ሻይ ሻጯ ዘንድ ከተቀመጡ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ቤድፎርድ የጭነት መኪና ላይ ያርፋል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1958 ማምረት የጀመሩት ቲጄ የተባለው ሞዴል ሱዳን ሲገባ እንደ አዲስ ተሠራ፤ የሰፈር ባለሙያዎች ባሌስትራ ጨመሩለት፣ ካሶኒ ገጠሙለት፣ ቀለም ቀብተው አስጌጡት። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ዘጋቢ ፊልምም «የብረት ሙሽራ» ብሎታል።

ያኔ ከጭነቱ በላይ ሰው ይቆለል ነበር። መኪናውን አሸዋ ሲውጠው ረዳቱ ወርዶ ከጎማው ሥር ብረት ያነጥፍ ነበር፤ መኪናው ሲያልፍ ብረቱን ተሸክሞ ከኋላ ይሮጥ ነበር። በሾፌሮቹ ትዝታ ግን የደከመው ሾፌሩ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ፖርት ሱዳን የሚወስደው አስፋልት ሲያልቅ መንገዱ ቀለለ፣ ወጉም አብሮ ሳሳ። ዛሬ ቤድፎርድ «አይበላሽም ነበር» እየተባለ ይሞገሳል፤ ታሪኩ ሁሉ የሚጀምረው ግን ከተበላሸበት ቦታ ነው።