ዜሮው የት ነው?

ጀሪፍ ላደገ ልጅ መሬት ማለት ሜዳ ነው። ከቤታችን ጣሪያ ላይ ቆሜ ስመለከት ከፍ ብሎ የሚታየኝ የመስጊዱ ሚናራና በጥቁር አባይ ዳር ካሉት የጡብ ማቃጠያዎች የሚወጣው ጭስ ነበር። ካርቱም ከባህር ወለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በራክሻ ከሰፈር ሰፈር ስንዞር ሽቅብ የሚባል ነገር አያጋጥመንም። እናቴ ስለ አገሯ ስታወራ «ከዳገቱ ወዲያ»፣ «ከቁልቁለቱ ግርጌ» ስትል ቃሉን እሰማለሁ እንጂ ነገሩን በእግሬ አላውቀውም ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ መምህራችን ስለ ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሲያስተምሩን እጄን አውጥቼ «ቲቸር፣ ይሄ ምን ይጠቅመናል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ሳይቆጡ «አንድ ቀን ራሱ ይፈልግሃል» አሉኝ። የፈለገኝ ከዓመታት በኋላ፣ ጮቄ ተራራ ላይ ነው።

ቅየሳ ለመማር ወደ ኢትዮጵያ ሄጄ ነበር። በመጨረሻው ዓመት ለተግባር ልምምድ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ቦረቦሮችን በድሮን ፎቶ ከሚለካ ቡድን ጋር ተመደብኩ። የጮቄ ጫፍ 4,100 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከሥሩ የሚነሡት ብዙ ወንዞችም ወደ አባይ ይገባሉ። እኛ የሠራንበት ተዳፋት 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ከክረምት በፊት ቦረቦሩን ከላይ ፎቶ ታነሣለህ፤ ክረምቱ ሲወጣ ትደግማለህ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የተወሰደውን አፈር ይነግርሃል። ከዚያ የድንጋይ ክትር የት የት ቢሠራ እንደሚያዋጣ ይታወቃል።

ቦረቦሩ የአንድ ሽማግሌን የገብስ ማሳ ለሁለት ከፍሎታል። «በልጅነቴ በዝላይ እሻገረው ነበር» አሉን። አሁን በሬዎቻቸውን ወዲያ ለማድረስ ዙሪያውን ይሄዳሉ። ጊዜው ግንቦት ስለነበር ዝናቡ ከመግባቱ በፊት የቀረን ሁለት ሳምንት ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን የበረራ ዕቅድ የሠራሁት እኔ ነኝ። ድሮኑን ሰው በእጁ አይነዳውም። ታብሌቱ ላይ የቦታውን ወሰን ትሥላለህ፤ ከፍታውን ትወስናለህ፤ ፎቶዎቹ ምን ያህል እንደሚደራረቡ ትመርጣለህ። ድሮኑም እንደሚያርስ በሬ እየተመላለሰ በራሱ ይሠራል። ከፍታውን 100 ሜትር፣ በበረራው አቅጣጫ መደራረቡን 80 በመቶ አደረግሁና ከሸለቆው ግርጌ፣ ከሜዳማው ቦታ አስነሣሁት። ሜዳ ስለሚመቸኝ ነው የመረጥኩት።

አራተኛው መስመር ላይ አንድ እረኛ ልጅ ከላይ ሆኖ «ኧረ ጋሼ! ዛፉ! ዛፉ!» ብሎ ጮኸ። ታብሌቱን አየሁ፤ 100 ሜትር ይላል። ቀና ስል ድሮኑ ባህር ዛፉ ውስጥ ገብቷል።

ማታ እስክሪብቶና ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። ድሮኑ ከፍታውን የሚለካው ከሥሩ ካለው መሬት አይደለም፤ ከተነሣበት ቦታ ነው። ለእሱ ዜሮ ማለት የተነሣበት ነጥብ ነው። የተዳፋቱ የላይኛው ጠርዝ ከመነሻዬ በ80 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ እዚያ ሲደርስ ከመሬት ያለው ርቀት 20 ሜትር ብቻ ነበር፤ ባህር ዛፉ ደግሞ ከ20 ሜትር በላይ ነው። ታብሌቱ አልዋሸኝም። ከየት ተነሥቶ እንደሚቆጥር ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ዛፉ ባይኖር እንኳ ካርታው አይሆንም ነበር። የመምህሬ ሦስት ማዕዘን የመጣው እዚህ ላይ ነው። ካሜራው ከ100 ሜትር ላይ የሚያየው የመሬት ርዝመት ከ50 ሜትር ላይ በግማሽ፣ ከ20 ሜትር ላይ ወደ አንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ድሮኑ ግን ፎቶ የሚያነሣበትን ርቀት አይለውጥም። መሬቱ በ50 ሜትር ከፍ ባለበት ቦታ 80 በመቶ የነበረው መደራረብ 60 ይሆናል። በ80 ሜትር ከፍ ሲል ዜሮ ይሆናል፤ ፎቶዎቹ ጠርዝ ለጠርዝ ከመነካካት አያልፉም። ኮምፒውተሩም ካርታውን የሚሰፋበት የጋራ ነጥብ ያጣል። ያ ቦታ ደግሞ የቦረቦሩ ራስ ነው፤ በየዓመቱ ማሳውን ሽቅብ እየበላ የሚሄደው እሱ ነው።

የቡድኑ መሪ አልጮሁብኝም። «አሁን መሬቱን አስገባው» አሉኝ። በ2000 እ.ኤ.አ. ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን ጉዞዋ አብዛኛውን የምድር የብስ ገጽ በራዳር ለክታለች። መረጃው በነጻ ይገኛል፤ የበረራ ዕቅድ ፕሮግራሙም ያንን ተከትሎ ድሮኑን ከዳገቱ ጋር ከፍ፣ ከቁልቁለቱ ጋር ዝቅ ማድረግ ይችላል። ነገር ግን መረጃው በየ30 ሜትሩ አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ጠባቡን ሸንተረር ያለሰልሰዋል፤ ካርታው ከተሠራ ወዲህ የበቀለውን ባህር ዛፍማ ከየት ያውቀዋል? ስለዚህ በማግሥቱ ጠዋት ከእረኛው ልጅ ጋር ተዳፋቱን በእግር ዞርኩ። ረጃጅሞቹን ዛፎች አንድ በአንድ አሳየኝ፤ ታብሌቱ ላይ ምልክት አደረግሁባቸው።

መነሻችንንም ወደ ላይኛው ጠርዝ አዛወርነው። ድሮኑ ግንኙነት ቢያጣ በራሱ የሚመለስበት ከፍታም የሚቆጠረው ከመነሻው ነውና፣ ከታች ከተነሣ ሲመለስ ሸንተረሩን ሊመታ ይችላል። ከላይ መነሣት ግን የራሱ ዕዳ አለው፤ የመልሱ መንገድ ሽቅብ ነው። 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባህር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ፕሮፔለሩ ይበልጥ ይለፋል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ባትሪው 35 በመቶ ሲደርስ ይመለስ ብለን ወሰንን።

መስመሮቹን ሽቅብ ቁልቁል ሥዬ ነበር። ሽማግሌው ታብሌቱን አይተው «ልጄ፣ ዳገት በአግድም ነው የሚታረስ፤ በሬውም አይደክም፣ አፈሩም አይሄድ» አሉኝ። ትክክል ናቸው። በአግድም ሲሄድ ድሮኑ መውጣት መውረዱ ይቀንሳል። መስመሮቹን አዞርኳቸው።

በሁለተኛው፣ በአሮጌው ድሮናችን አምስት ቀን ሠራን። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል የመጨረሻው ባትሪ አልቆ ነበር። በካርታው ላይ የቦረቦሩ ራስ ሳይቀር ይታያል።

ልሰናበት ስል ሽማግሌው አገሬ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። ጀሪፍን ነገርኳቸው። በክረምት አባይ ደለል ይዞ እንደሚመጣ፣ ውኃው ሲጎድል ሠራተኞች ያንን ጭቃ በቅርጽ እየጨመቁ ጡብ እንደሚያደርጉት፣ የኛም ቤት በዚያ ጡብ እንደተሠራ አወራኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያው ቤታችሁ ውስጥ ድርሻ አለኝ» ብለው ሳቁ። እኔ ግን በደንብ አልሳቅሁም። ስወለድ ጀምሮ የተደገፍኩበት ግድግዳ የሰው ማሳ ሊሆን እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር።

ውድ የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች፣ ድሮን እኛ ባለንበትም በአገር ቤትም ያለ ፈቃድ የሚበር ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ሂዱና አብርሩ አልላችሁም። ነገር ግን ብዙዎቻችሁ አንድ ቀን ከዚህ ሜዳ ተነሥታችሁ ወደማታውቁት አገር ትሄዳላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ወላጆቻችሁ ወደሚያውቁት ዳገት። እዚያ ስትደርሱ በጀሪፍ ልክ አትለኩት። መጀመሪያ በእግራችሁ ዙሩት፤ እረኛውንም ጠይቁት።

ለሒሳብ መምህሬ ደግሞ፦ ቲቸር፣ ፈልጎኛል። አመሰግናለሁ።