መርዶና እንባ

ኀዘን ከባሕርይ ቢሆንም፥ እንባ የሚወርድበትን መንገድ የሚያሰናዳው ልማድ ነው። በኢትዮጵያ መርዶ ለብቻ አይነገርም፤ ዘመድና ጎረቤት በማለዳ ከደጅ ይሰበሰባል፥ ሽማግሌም ያረዳል፤ ኀዘንተኛው ሲወድቅ የሚደግፈው እጅ አያጣም።

በባዕድ አገር የሚኖር አንድ ሰው ግን የእናቱን ሞት ብቻውን በስልክ ሰማ። ዓይኑ ደረቀ፤ በማግሥቱ ወደ ሥራው ሄደ፤ «ልቤ ድንጋይ ሆነ» እያለም ራሱን ወቀሰ። በ40ኛው ቀን ለተዝካሯ አገሩ ገብቶ፥ ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከደጇ ላይ በለቅሶ ሲቀበሉት፥ ታቁሮ የኖረው እንባ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ።

እንግዲህ በሩቅ አገር እንባው የደረቀበትን «ልበ ደንዳና» ብሎ የሚፈርድ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ማን አረዳው? ማንስ አብሮት አለቀሰ?