ከአሶሳ እስከ መንዲ በቢስክሌት፤ ስለ ማርሽ አመራረጥ

ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ በሚጻፍበት ገጽ ስለ ቢስክሌት ጥርስ ቍጥር መጻፌ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ሳይመስለው አይቀርም። ነገር ግን ይህን ቍጥር ባለማወቄ ከአሳዳጊዬ ተዝካር የቀረሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ጕዳዩ የቤተ ሰብ ጕዳይ መሆኑን እመሰክራለሁ።

አሶሳ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት በምሠራበት ጊዜ፣ ያን ጊዜ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከነበረው ልጄ ጋራ ሆነን፣ ከየገበያው በለቀምነው ዕቃ አንድ ቢስክሌት ገጠምን። ጎማው 26 ኢንች፣ አካሉ ብረት፣ ከኋላው ጭነት የሚችል ነው። የፊቱን ጥርስ የመረጠው ልጄ ነበረ፤ ትልቁ 48፣ መካከለኛው 38፣ ትንሹ 28 ጥርስ ያለውን ወደደ። የኋላውም ከ14 እስከ 28 ጥርስ ሰባት ደረጃ ነበረው። በከተማው ሜዳ ላይ ስንፈትነው እንደ ፈረስ ጋለበ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ ከዚህ ያነሰ ጥርስ ማን ይፈልጋል አልሁ።

በጥር ወር 2005 ዓ.ም. መንዲ ትኖር የነበረችው ያሳደገችኝ አክስቴ ዐርባ ቀን ደረሰ። ባለቤቴንና ልጆቼን በመኪና እንዲከተሉ አድርጌ፣ እኔ ቡናና ቅቤ ጭኜ በቢስክሌቴ ተማምኜ ሁለት ቀን አስቀድሜ ተነሣሁ። እስከ ባምባሲ ያለው አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ደስ የሚያሰኝ ነው። በየመንደሩ የማንጎ ዛፍ አለ፤ የበርታ ሰዎች ቤትና አጥር ከቀርከሃ የተሠራ ነው፤ ሽማግሌዎቹም መንገደኛን በሰላምታ ሳይቀበሉ አያሳልፉም። ወራቱ በጋ ስለ ሆነ ሣሩ ተቃጥሎ ምድሩ ጠቍሯል። በዚያ ቀን ማንም አዋቂ ነህ ቢለኝ አምን ነበር።

በማግሥቱ ወደ ዳቡስ ወረድሁ። ዳቡስ ወደ ሰሜን ፈስሶ ከዓባይ የሚገባ ወንዝ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ መንዲ ሲወጣ ግን ዐቀበቱ ጀመረ። ትንሹን የፊት ጥርስ ከትልቁ የኋላ ጥርስ ጋራ ባያይዝም፣ ሁለቱም 28 ስለ ሆኑ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ይኸውም ሁለት ሜትር ያህል ነው። ለባዶ ቢስክሌት ይበቃል፤ ለጭነት ግን አይበቃም። ቆሜ እየረገጥሁ ጥቂት እንደ ሄድሁ ጕልበቴ አበጠ። ከአንድ ገበሬ ቤት አደርሁና በማግሥቱ እየገፋሁ ሄድሁ። መንዲ ስደርስ መሽቶ ነበር፤ ሰው ተበትኖ ዳሱ ይፈርስ ነበር። ባለቤቴ ምንም አልተናገረችኝም፤ ቢናገሩኝ ይሻል ነበር።

ወደ አሶሳ ስመለስ ከልጄ ጋራ ቍጥሩን በወረቀት ላይ አሰላን። ከፊት 42፣ 34 እና 24 ጥርስ ያለውን፣ ከኋላ ደግሞ ከ14 እስከ 34 የሚደርሰውን ከመርካቶ አስመጣን። 24ቱ ከ34ቱ ጋራ ሲያያዝ አንዱ ዙር አንድ ሜትር ከአርባ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ያስኬዳል። ቀድሞ መቶ ኪሎ ያህል ኀይል የጠየቀው አሁን ሰባ ይጠይቃል ማለት ነው። ዋጋው በጊዜ ይከፈላል፤ በደቂቃ ስድሳ ጊዜ ቢረገጥ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ነው፣ የእግረኛ ርምጃ። ልጄ ትልቁ 48 በመቅረቱ አዘነ። እኔ ግን ቍልቍለት ላይ የሚያስፈልገው ፍሬን እንጂ ጥርስ አይደለም አልሁት።

በዚህ ማፈር አይገባም። በፈረንሳይ አገር እንኳ የታላቁ ዙር ውድድር አዘጋጅ ሄንሪ ዴግራንዥ ሰንሰለት የሚያዛውረውን መሣሪያ ስለ ናቀ፣ የዋነኞቹ ቡድኖች ተወዳዳሪዎች እንዲጠቀሙበት የተፈቀደው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1937 ዓ.ም. ነው። የሴንት ኤትየኑ ፖል ደ ቪቪ ግን ከዚያ አስቀድሞ ለመንገደኛ ብዙ ማርሽ ይገባዋል እያለ ሲሟገት ኖሯል።

ጥርሱ ሲለወጥ ሰንሰለቱን የሚያዛውረው የኋላ ክንድም አብሮ መለወጥ አለበት። ከፊት 42 ከ24 ሲበልጥ 18፣ ከኋላ 34 ከ14 ሲበልጥ 20፣ በድምሩ 38 ጥርስ ያህል ልቅ ሰንሰለት ስለሚኖር፣ አጭሩ ክንድ ሊሰበስበው አይችልም፤ ረጅሙ ያስፈልጋል። የሰንሰለቱም ርዝመት የሚለካው ትልቁን ከትልቁ ጋራ አያይዞ ነው፤ ካጠረ ክንዱን ይገነጥለዋል። ከኋላ ዐሥራ አንድ ደረጃ ያለው አዲስ ዐይነት ያማረ ቢሆንም፣ ሰንሰለቱ ቀጭን ነው፤ መለዋወጫውም በሩቅ አገር አይገኝም። ሰባቱን መረጥሁ። መለወጫውም ደረጃ እየቈጠረ የሚዘል ሳይሆን በእጅ ስሜት የሚሳብ ተራ ዐይነት ቢሆን ይሻላል፤ ክንዱ በመንገድ ቢጣመም እንኳ ጣት ያስተካክለዋል።

በታኅሣሥ ወር 2006 ዓ.ም. የአክስቴ ሙት ዓመት ሲሆን፣ እንደ ቀድሞው ሁለት ቀን አስቀድሜ ተነሣሁ። የዳቡስን ዐቀበት በ24ቱ ቀስ ብዬ ወጣሁት፤ አንድ እረኛ በእግሩ አጠገቤ እየሄደ ሲያጫውተኝ ነበር፣ አንዳንዴም ይቀድመኝ ነበር። በዋዜማው መንዲ ስገባ ወንዶቹ ዳስ ይጥሉ ነበርና፣ አንዱን ምሰሶ ያዝሁ። ባለቤቴን ያሳፈረው መኪና ገና አልደረሰም ነበር።