ያላነሣሁት ፎቶግራፍ

ሩቅ አገር አይቶ የተመለሰ ሰው ወሬው አያልቅም ይባላል። እኔ ግን «ቶኪዮ እንዴት ነበረች?» ተብዬ በተጠየቅሁ ቁጥር አፌ ይያዛል። ምክንያቱን ልንገራችሁና እናንተ ወጣቶች ፍረዱ።

እንጀራዬ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። የምኖረው ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሐሙሲት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ገበያተኛው እህሉን ሸጦ ሲያበቃ ወደ ፎቶ ቤቴ ጎራ ይላል፤ አንዱ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሌላው ልጁን አቅፎ ለማስታወሻ ይነሣል። ሠርጉም ክርስትናውም የእኔ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ የታሪክ መምህር ነው። በልጅነታችን አብረን ዳዊት ደግመናል።

ይህ መምህር ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ምኞት ነበረው፤ እርሱም አበበ ቢቂላ በቶኪዮ የሮጠበትን ስፍራ በእግሩ ቆሞ ማየት ነው። አበበ በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ሁሉም ያውቃል። መምህሩ ግን የቶኪዮውን ያስበልጣል። አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ከአንድ ወር ጥቂት ቀን ቢያልፈው ነው፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ጨረሰ። ሁለተኛው ከ4 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ሲመጣ እርሱ በሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። መምህሩ ይህን ባስተማረ ቁጥር ከተማሪዎቹ አንዱ ይነሣና «ቦታውን አይተውታል?» ይለዋል። እርሱም «አላየሁትም» ብሎ ወደ ሰሌዳው ይዞራል።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. ውጭ አገር የምትኖር እኅቱ ወጪውን ቻለችለት። እኔም ለዓመታት ያጠራቀምሁትን አውጥቼ ተከተልሁት። ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ። «እዚያ ስቆም አንድ ጊዜ አንሣኝ፤ ለልጆቹ አሳያቸዋለሁ» አለኝ። እኔም «ይህ ደግሞ ልመና ነው?» ብዬ ሣቅሁበት።

ቶኪዮ ከ14 ሚሊዮን ያላነሰ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። እንዲህ ያለ ከተማ ለፎቶግራፍ አንሺ እንደ ጠላ ቤት ነው፤ የገባ ቶሎ አይወጣም። በአሳኩሳ ካለው ቤተ መቅደስ በር ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ቀይ ፋኖስ ለማንሣት አንድ ጧት ሙሉ ፈጀሁ። መምህሩ ቦርሳዬንና የካሜራዬን መቆሚያ ተሸክሞ ከኋላዬ ይከተላል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደዚያ አገር ተልከው የሄዱትንና «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ የጻፉትን እያነሣ፣ እርሱም ማታ ማታ በደብተሩ ያየውን ይጽፍ ነበር። እርሱ ሲጽፍ እኔ ባትሪ እሞላለሁ።

ሺቡያ በሚባለው ሰፈር ያለው መስቀለኛ መንገድ ግን ከሁሉ ባሰብኝ። መብራቱ ሲለወጥ መኪናው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይቆማል፤ ሕዝቡም ከአራቱም ማዕዘን እንደ ጎርፍ ይለቀቃል። «አንድ ጊዜ ብቻ» እያልሁ ሦስት ሰዓት ቆምሁ። በአጠገቡ ሐቺኮ የሚባል የውሻ ሐውልት አለ። ጌታው በ1917 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ያ ውሻ ዘጠኝ ዓመት ያህል በባቡር ጣቢያው እየመጣ ጠብቆታል ይላሉ። መምህሩ ከሐውልቱ ሥር ተቀምጦ አገኘሁትና ይቅርታ ስጠይቀው «ግድ የለም፤ እኔና ይህ ውሻ ተዋውቀናል» አለኝ። በእኛ አገር ሰው ራሱን ከውሻ ጋራ አያስተካክልም፤ ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። ዛሬ ሳስበው ቀልድ ብቻ አልነበረም።

እንዲህ እያልሁ የእርሱን ጉዳይ ከቀን ወደ ቀን ሳስተላልፍ ወደ ስታዲየሙ የሄድነው በመጨረሻው ቀን ሆነ። ያም ቢሆን በቀጥታ አልሄድንም። ከስታዲየሙ አጠገብ ጊንኮ የሚባሉ ዛፎች ግራና ቀኝ የተሰለፉበት መንገድ አለ፤ በኅዳር ቅጠላቸው እንደ አደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። ያን ሳይ እግሬ ታሰረ። መምህሩ ሁለት ጊዜ «እንሂድ» አለኝ፤ ሦስተኛ ጊዜ አልተናገረም። በዚያ አገር በዚያ ወራት ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር በዐሥር ሰዓት ተኩል ግድም መሆኑን እያወቅሁ ከቅጠሉ ጋራ ዋልሁ።

ስንደርስ መሽቷል፤ በሩም ተዘግቷል። አበበ የገባበት ስታዲየም ራሱ ፈርሶ፣ አሁን ያለው በስፍራው ተሠርቶ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው ነው። መምህሩ ግን አጥሩን ይዞ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ቀርቦ ከየት እንደመጣን ጠየቀን። ኢትዮጵያ ብንለው «አበበ! አበበ!» እያለ እጁን በደረቱ ላይ አኖረ። ድምፅ በሚተረጉም ስልኩ እንደነገረን የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለ ከመንገድ ዳር ቆሞ አበበ ሲያልፍ አይቶታል። ከዚያም ሁለታችንን ሊያነሣን ካሜራዬን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ከፈትሁት፤ ባትሪው አልቋል። ትርፉንም ባትሪ ከቅጠሉ ሥር ጨርሼዋለሁ። የመምህሩ ስልክ መንገድ ሲመራን ውሎ ጠፍቷል፤ የእኔን ደግሞ ካሜራ የያዘ ሰው ስልክ ምን ያደርግለታል ብዬ ሆቴል ትቼዋለሁ። ሽማግሌው በራሱ ስልክ አነሣን፤ ዝቅ ብሎም እጅ ነሥቶን ሄደ። ከሐፍረቴ የተነሣ አድራሻውን መጠየቅ ትዝ ያለኝ ባቡር ላይ ነው።

በመንገዱ ሁሉ መምህሩ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙሲት እንደተመለስን ተማሪዎቹ ፎቶግራፉን ሲጠይቁት ወደ እኔ መጣ። ከአራት ሺህ የሚበልጠውን ፎቶግራፍ አንድ ባንድ አሳየሁት። ፋኖሱ አለ፤ ሕዝቡ አለ፤ ቅጠሉ አለ። እርሱ የለም። ብቻ በአንዱ የሺቡያ ፎቶግራፍ ዳር ላይ ቦርሳ የያዘ እጅ ይታያል። ልሰርዘው ስል «ተው! ይህ እኮ የእኔ እጅ ነው» አለኝ። አሳድጌ አተምሁለትና ወስዶ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ልጆቹ «መምህር፣ እርስዎ የታሉ?» ሲሉት ጣቱን እጁ ላይ ያኖርና የስታዲየሙን ነገር በአፉ ይነግራቸዋል።